ጋሪ አለው ወይስ የለውም?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ጋዜጣ የስፖርት ገጽ ባቀረብኳት አጭር ጽሑፍ ውስጥ ስሕተት ሠርቻለሁ። ስሕተቷ የአንድ ቁጥር ናት። በርት መንሮ የተባለ የኒውዚላንድ ሽማግሌ በ1920 በተሠራች ሞተር ብስክሌት፣ አሜሪካ ውስጥ ባለ የጨው ሜዳ ላይ፣ በሰዓት 201 ማይል በርሮ ሪኮርድ ሰበረ ብዬ ጻፍኩ። በእኛ መለኪያ ወደ 325 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ቁጥሩን ያገኘሁት ከፊልም ነበር። ፊልሙን አይቼ እንባዬ መጥቶ ስለነበር፣ ለጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ስማር መጀመሪያ የተነገረኝን ነገር፣ ቁጥርን ከሁለት ምንጭ ሳታገኝ አትጻፍ የሚለውን፣ ጨርሼ ረሳሁት። ጽሑፏ ወጣች፤ የጽሑፍ ክፍያዋም ተከፈለችኝ፤ ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰለኝ።

ያልረሳ ሰው ግን ነበር። ከሶማሌ ተራ ወረድ ብላ ባለች አንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ብስክሌት የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ። የአባቴን ቬስፓ ይጠግኑ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እያልኩ ነው የማውቃቸው። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ጠሩኝና ከመሳቢያቸው አራት ላይ የታጠፈች፣ ዘይት የነካት የጋዜጣ ቁራጭ አወጡ።

«ይቺን የጻፍካት አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጋሪ አለው ወይስ የለውም?»

ጋሪ የሚሉት ሳይድካሩን ነው፤ ከሞተር ብስክሌት ጎን የሚታሰረውን ባለ አንድ ጎማ መቀመጫ። የለውም፣ ባለ ሁለት ጎማ ነው አልኳቸው።

«እሺ። ሄዶ ቀረ ወይስ ሄዶ ተመለሰ?»

አላወቅሁም።

«ነፋሱስ ከየት በኩል ነበር?»

ይኼንንም አላወቅሁም። ቁራጯን መልሰው አጠፏትና፣ «እንግዲያው የጻፍከው ፍጥነት አይደለም ልጄ፤ ወሬ ነው» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲያ ያነበብኩትና ያገላበጥኩት ሁሉ የእሳቸውን ሦስት ጥያቄዎች ለመመለስ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።

ጋሼ መጀመሪያ ስለ ጋሪ የጠየቁት ያለ ምክንያት አልነበረም። በጋራዣቸው ጥግ፣ በደርግ ጊዜ የገባ ሩሲያ ሠራሽ ባለ ጋሪ ሞተር ተቀምጧል። ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚፈቱትና እንደሚገጥሙት እሳቸውም አያውቁም። አንዱን ዕቃ ሲያገኙ ሌላው ይጠፋል፤ የጠፋውን በቶርኖ አስቀርጸው ሲመጡ የመጀመሪያው ይሰነጠቃል። የሳይድካርን ጠባይ የተማርኩት ከዚያች ሞተር ነው።

ባለ ሁለት ጎማ ሞተር ሲታጠፍ ወደሚታጠፍበት ይጋደማል። ሳይድካር የታሰረበት ግን አይጋደምም። ጋሪው በስተቀኝ ከሆነ ጋዝ ሲሰጡት ሞተሩ ወደፊት ሲል ጋሪው ወደኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ መሪው ወደ ቀኝ ይጎትታል። ፍሬን ሲይዙት ደግሞ ጋሪው ግስጋሴውን ይቀጥልና ሞተሩን ወደ ግራ ይገፋዋል። ይህን ጠባይ ለማረቅ የጋሪው ጎማ አፍንጫ በመጠኑ ወደ ሞተሩ እንዲያይ ይደረጋል፤ ሞተሩም ከጋሪው ራቅ ብሎ ጥቂት እንዲያዘነብል ይታሰራል። ልኩ የጣት ያህል እንኳ አይሞላም። ሲበዛ ጎማ ይበላል፤ ሲያንስ ነጂው ቀኑን ሙሉ ከመሪው ጋር ሲታገል ይውላል።

ይህ በሰዓት በ60 ኪሎ ሜትር ነው። በ250 ሲሆን ደግሞ አየሩ ራሱ ሌላ ባላጋራ ይሆናል። ሦስተኛው ጎማና ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ብረት በአንድ ጎን ብቻ ነፋስ ስለሚገጥማቸው ሞተሩን ወደዚያው ጎን ይጎትቱታል። የሳይድካር ሪኮርድ ከባለ ሁለት ጎማው ተለይቶ የሚመዘገበው ለዚህ ነው። ለፍጥነት ብቻ በሚሠራ ሞተር ላይ ተሳፋሪ መጫን ግዴታ አይደለም፤ ምትክ ክብደት ይበቃል። በዚህም የተነሣ ሠሪዎቹ መቀመጫውን እያጠበቡ እያጠበቡ፣ መጨረሻ ላይ ጋሪ የሚባለው ነገር በራሱ ትንሽ ቅርፊት የተሸፈነ አንድ ጎማ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሞተሩም ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ የእንባ ጠብታ በሚመስል ትልቅ ቅርፊት ይሸፈናል። ከሩቅ ሲያዩት ግልገሏን በጎኗ ያስከተለች ዓሣ ይመስላል።

ከእነዚህ ውስጥ በጣም የምወደው ታሪክ የ1955ቱ ነው። ሐምሌ 2 ቀን፣ ከኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ ወጣ ብሎ ስዋናኖዋ በሚባል ቦታ፣ ትራም ሮድ በተባለ ቀጥ ያለ የገጠር መንገድ ላይ፣ ራስል ራይትና ሮበርት በርንስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ቅርፊት የለበሱ ቪንሰንት ሞተሮቻቸውን አሰለፉ። በዚያ አገር ሐምሌ ክረምት ነው፤ አስፋልቱ እርጥብ ነበር። ከኋላቸው ፋብሪካ አልቆመም። ራይት በባለ ሁለት ጎማው በሰዓት 297.64 ኪሎ ሜትር ሄደ። ይህም ጀርመናዊው ቪልሄልም ሄርትስ በ1951 በኤን.ኤስ.ዩ. ሞተር ያስመዘገበውን 290 ኪሎ ሜትር ሰብሮ የዓለም አንደኛ አደረገው። በዚያው ቀን በርንስ ሦስተኛ ጎማ ባለው ቪንሰንት ወደ 262 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ የሳይድካሩን ሪኮርድ ወሰደ። በአንድ የገበሬ መንገድ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለቱም የዓለም ሪኮርዶች ማለት ነው።

የበርንስ ደስታ ሦስት ወር ብቻ ቆየ። ጥቅምት 4 ቀን 1955 ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖል፣ ከሙኒክ ወደ ኢንጎልሽታት በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቢ.ኤም.ደብሊው ሳይድካር 280.2 ኪሎ ሜትር ሄደ። ኖል በ1954 በሳይድካር የዓለም ሻምፒዮን የነበረ፣ በ1956ም ደግሞ የሆነ ሰው ነው። የሚገርመው የቢ.ኤም.ደብሊው ሞተር 500 ሲሲ፣ የቪንሰንቱ ደግሞ 1000 ሲሲ ያህል መሆኑ ነው። ግማሽ በሆነ ሲሲ 18 ኪሎ ሜትር የሚያህል ብልጫ! በእኔ ግምት ልዩነቱ ከሞተሩ ይልቅ በቅርፊቱ ላይ ነበር። የኖል ቅርፊት የአንድ ፋብሪካ መሐንዲሶች ሥራ ነው፤ የበርንስ ደግሞ በጓሮ የተሠራ። እንዲያም ሆኖ ልቤ ወደ በርንስ ያደላል። ቪንሰንት ኩባንያ በዓለም ላይ ፈጣኑን ሞተር ሠርቻለሁ ብሎ ሊኮራ በሚችልበት በዚያው ዓመት፣ በታኅሣሥ ወር፣ ሞተር ብስክሌት መሥራቱን አቆመ።

ስለ አየር ጥቂት ልበል፤ ያለ እሱ ቅርፊት ለምን እንዳስፈለገ አይገባምና። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። የመንሮ ሞተር ከፋብሪካ ስትወጣ በሰዓት ቢበዛ 89 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር። ቅርጿ ሳይለወጥ 296 ኪሎ ሜትር ትሂድ ቢባል ወደ 37 እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ትጠይቃለች። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁ። «ሠላሳ ሰባት እጥፍ የሚሰጥ ፒስተን አላህም ማርያምም አልሠሩም» አሉ። ስለዚህ ገሚሱ ከሞተሩ ቢመጣ እንኳ ገሚሱ ከአየሩ መሰረቅ አለበት።

አየሩን ከሰረቁት መካከል በ1948 ሮሊ ፍሪ የተባለው አሜሪካዊ ያደረገው አይረሳም። በቪንሰንት ሞተር፣ ሆዱን ኮርቻው ላይ አስተኝቶ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሲሄድ 150 ማይል ሊሞላ ጥቂት ቀረው። የቆዳ ልብሱ በነፋስ እየተነፋ መቀደዱን ሲያይ ልብሱን አወለቀ። በዋና ቁምጣ፣ በሻወር ቆብና በተዋሰው ጫማ ብቻ ተመልሶ ሄደ፤ 150.313 ማይል ሆነ። ከጨው በላይ በሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ራቁት ሰው! ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ ድረስ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጋሼ አይተውት «ይሄ ሰው እናት የለውም?» ብለዋል።

ቅርፊት ግን ሲሰጥ ይወስዳልም። ኤርንስት ሄነ በኅዳር 1937፣ በፍራንክፈርትና በዳርምሽታት መካከል፣ ቅርፊት በለበሰ ቢ.ኤም.ደብሊው 279.5 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሪኮርዱን ለ14 ዓመት ይዞት ቆየ። ቀደም ሲል ሪኮርዱን ይዞ የነበረው እንግሊዛዊ ኤሪክ ፈርኒሆ ግን በሚቀጥለው ሚያዝያ፣ ሀንጋሪ ውስጥ ጊዮን በምትባል ቦታ፣ ያንኑ ሪኮርድ ሊያስመልስ ሲሞክር ሞተሩ ከመስመር ወጥቶበት ሞተ። ቀስት ላባው ከኋላ የሆነው በከንቱ አይደለም። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ጭራውን ይገፋል፤ ጫፉ ግን አቅጣጫውን እንደያዘ ይቀራል። ትልቅ አፍንጫ ያለው ቅርፊት ደግሞ ላባውን ከፊት እንደሰካ ቀስት ነው። ነፋሱ አፍንጫውን ሲገፋው ሞተሩ ይዞራል፤ በዞረ መጠን ለነፋሱ የሚሰጠው ጎን ይሰፋል፤ በሰፋ መጠን ደግሞ ይብስ ይዞራል። ሳይድካር ሦስተኛ ጎማ ስላለው ቢያንስ አይወድቅም፤ ባለ ሁለት ጎማው ግን ያንን እንኳ አልታደለም። የጋሼ የመጀመሪያ ጥያቄ የገባኝ እዚህ ላይ ስደርስ ነው።

አሁን ወደ በርት መንሮ ልመለስ። የተወለደው በ1899 ነው፤ አገሩ በኒውዚላንድ ደቡባዊ ጫፍ ያለችው ኢንቨርካርጊል ናት። ያቺን ኢንዲያን ስካውት የገዛት በ1920፣ አዲስ ሳለች ነው። ሠሪዋ የስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ፋብሪካ ነበር፤ ሞተሯ 600 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር። እስከ 1926 ድረስ እንደ ማንኛውም ሰው ነዳት። ከዚያ በኋላ ማሻሻል ጀመረ፤ አላቆመምም። ሞተር ሻጭና መካኒክ ሆኖ እየሠራ፣ ልጆች እያሳደገ፣ ማታ ማታ ይፈታትና ይገጥማት ነበር። በ1938 የመጀመሪያውን የአገሩን ሪኮርድ አስመዘገበ፤ ከዚያ በኋላ ሰባት ጨመረበት። ቆይቶ ትዳሩ ፈረሰ፤ ሥራውንም ተወና ከሞተሩ ጋር አንዲት ጋራዥ ውስጥ መኖር ጀመረ።

ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ዕቃውን ራሱ ሠራ። ፒስተኑን በአሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ እያቀለጠ አፈሰሰ። ቢየላውን ከትራክተር አክስል በእጁ ሞረደ። ቫልቮቹን በሲሊንደሩ ጎን ከነበሩበት ወደ ላይ አወጣቸው፤ ይህ ማለት የሞተሩን ራስ እንደገና መፍጠር ማለት ነው። ልኬት የሚወስድበትን ማይክሮሜትር እንኳ የሠራው ከአሮጌ የጎማ ራጂ ነው። 600 ሲሲ የነበረው ሞተር 850 ገደማ ደረሰ፤ በመጨረሻም 950 ሆነ። ፋብሪካው በ1953 ሲዘጋ መንሮ አሁንም ያቺኑ የ1920 ሞተር እየሞረደ ነበር።

እዚህ ላይ ጋሼ አቋረጡኝ። «ስንት ቢየላ ሰበረ?» ብለው ጠየቁ።

ቁጥሩን አላውቅም። የተሰበሩትን ግን አልጣላቸውም። የፈነዱትን ፒስተኖች፣ የተጣመሙትን ቢየላዎች፣ የተበሉትን ቫልቮች ጋራዡ ውስጥ በአንድ መደርደሪያ ላይ ደርድሮ፣ «ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶች» የሚል ጽሑፍ ለጥፎበታል። በ1971 ሮጀር ዶናልድሰን የተባለ ወጣት የፊልም ሠሪ ስለ መንሮ ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ ርእሱን ያገኘው ከዚያ መደርደሪያ ነው። እኔን ያሳሳተኝን፣ አንቶኒ ሆፕኪንስ የተጫወተበትን የ2005 ፊልም የሠራውም ይኸው ሰው ነው። መንሮን በዓይኑ ያየ፣ ጋራዡ ውስጥ የገባ ሰው!

የጨው ሜዳ ሲባል እኛ ቶሎ የሚመጣልን አፋር ነው፤ አሞሌ የሚቆረጥበት፣ ግመል የሚጫንበት፣ ከባሕር ወለል በታች ያለው ሞቃት ምድር። የቦነቪል ጨው ሜዳ ግን ዩታ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በጥንት ጊዜ የነበረ ሐይቅ ደርቆ የቀረ ጨው ነው። ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው ቅርፊቱ ይጠቀማል፤ ሞተሩ ግን የሚተነፍሰው ስለሚያንሰው ይጎዳል። ማልኮም ካምቤል በ1935 በመኪና 300 ማይልን የተሻገረው እዚያ ነው። ጨው የጎማን ግጭት እንደ አስፋልት አይዝም፤ ጉልበት ሲበዛበት ጎማው በቦታው ይሽከረከራል። ደግሞም ጨው እንደ አስፋልት ታድሶ አይጠበቅም። በ2014 እና በ2015 ሜዳው ረጥቦና ሳስቶ ዓመታዊው የፍጥነት ሳምንት ተሰርዟል።

መንሮ ቦነቪል የሄደው አሥር ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ለማየት ብቻ ነበር። ፊልሙ ይህን ሁሉ አንድ ጉዞ አድርጎታል፤ እኔም አንድ ጉዞ መስሎኝ ነበር። በ1962፣ በ63 ዓመቱ፣ 288 ኪሎ ሜትር ሄዶ የክፍሉን ሪኮርድ ያዘ። ቅርፊቱ የፋይበር ግላስ ሲሆን ቅርጹን ከወርቅማ ዓሣ እንደወሰደው ይነገራል። በ1966 በሌላ ክፍል 270.5 አስመዘገበ። በ1967፣ እሱ 68፣ ሞተሯ 47 ዓመት ሆኗቸው፣ የመጨረሻውን ሪኮርድ ያዙ።

በዚያው በ1967፣ በአንዱ ሩጫ ላይ፣ ከቅርፊቱ ጋር የነበረው ክርክር ወጣ። ከመንገዱ ግማሽ እንዳለፈ ሞተሯ ትወላወል ጀመር። መንሮ በኋላ እንደተናገረው፣ ፍጥነቱን ለመቀነስ ከተኛበት ቀና አለ። ነፋሱ መነጽሩን ነጥቆ ወሰደው፤ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ተገፉ፤ ምንም አላየም። ጨው ላይ ከተሰመረው ጥቁር መስመር እጅግ ርቆ፣ ከአንድ የብረት ችካል ጋር ሊላተም የጣት ያህል ቀርቶት አለፈ። በመጨረሻም ሞተሯን ሆን ብሎ በጎኗ አስተኛት። የደረሰበት መቧጨር ብቻ ነበር። ፈርኒሆ ያላገኘውን ዕድል አገኘ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «መነሣቱ ነው የጎዳው። ሲወላወል ደረትህን አታሳየውም፤ እኔ ግን ብሆን እነሣ ነበር» አሉ።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ። በፊልሙ መጨረሻ የሚታየው 201.851 ማይል ነው። በሰነድ ያለው ሌላ ነው። በ1967 ለሪኮርድ ሙከራ ለመብቃት ባደረገው የአንድ አቅጣጫ ሩጫ 190.07 ማይል ሄዷል፤ 305.89 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ይህ ለሪኮርድ አይበቃም። ምክንያቱም ሪኮርድ ሄዶ መመለስን ይጠይቃል። ሲሄድ ከኋላ የገፋው ነፋስ ሲመለስ ከፊት ይይዘዋል፤ የሁለቱ አማካይ ሲወሰድ የነፋሱ ውለታ ይሰረዛል። ጋሼ የጠየቁኝ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ በእርግጥ አንድ ጥያቄ ነበር። ከ200 ማይል በላይ የሄደበት ሩጫ እንዳለም ይነገራል፤ ግን በይፋ አልተቆጠረም። የተመዘገበው የሁለት አቅጣጫ ሪኮርድ 183.59 ማይል ነው። ከፊልሙ ቁጥር ከ18 ማይል በላይ ያንሳል።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሳውቅ መጀመሪያ የተሰማኝ ቅሬታ ነው። ዶናልድሰን የልብ ወለድ ፊልም መሥራቱ መብቱ ነው፤ ጋዜጣ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግን ደግሞ 183.59 ምን ያንሰዋል? በቆርቆሮ ውስጥ በቀለጠ ፒስተን፣ ከአክስል በተሞረደ ቢየላ! 201 የሚለው ቁጥር እነዚያን በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ስብርባሪዎች ሁሉ ያረክሳቸዋል ብዬ አስባለሁ። እያንዳንዷ ማይል የወጣችው ከእነሱ ነው፤ በነፃ የተጨመረች ማይል ለእነሱ ስድብ ናት።

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያልቅ ምንኛ በቀለለኝ። መንሮ ጥር 6 ቀን 1978 ሞተ። ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ልጁ ጆን የሪኮርዱን ወረቀት ሲያይ የሒሳብ ስሕተት አገኘ። ወደ ሰሜን የሄደበት 184.710፣ ወደ ደቡብ የተመለሰበት 183.463 ማይል ነበር። የአሜሪካ የሞተር ብስክሌት ማኅበር አማካዩን ሲያወጣ ተሳስቶ ነበርና ስሕተቱን ተቀብሎ ሪኮርዱን 184.087 አደረገው። በኪሎ ሜትር 296.26 መሆኑ ነው። እኔ 17 ማይል ያህል በስሕተት ጨምሬለት ነበር፤ መዝጋቢዎቹ ደግሞ ግማሽ ማይል በስሕተት ቀንሰውበት ነበር። ሞተሯ ዛሬም ኢንቨርካርጊል ውስጥ፣ ኢ ሄይስ በተባለ የብረታ ብረት መደብር፣ ከሚሸጡት መዶሻዎችና ቡሎኖች መካከል ቆማ ትታያለች።

ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፌ ወደ ጋራዡ ወሰድኩት። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና ሁለቱን ቁጥሮች በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፉ። ደመሩ። ለሁለት አካፈሉ። 184.0865 ሆነ። ሰረዝ አሰመሩበትና ጥቂት አዩት።

«ለዚህ ነው አርባ ሰባት ዓመት የፈጀው?» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ልጁ ባያየው ኖሮስ?»

እንደዚያው ይቀር ነበር አልኳቸው። ጠመኔውን ኪሳቸው ከተቱ። የጋዜጣ ቁራጬን ከመሳቢያው አውጥተው 201 የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዙ፤ ከላዩ ላይ 184.087 ጻፉና መልሰው አጠፏት። ይዤው ልሂድ ወይ ብላቸው እምቢ አሉ።

ከዚያ ወደ ሩሲያው ሞተር ሄዱ። በዚያ ሳምንት የጋሪውን ጎማ እንደገና አስረውት ነበር። ከሞተሩ የኋላ ጎማ ጎን እስከ ፊት ድረስ ረጅም ክር ወጥረው ከጋሪው ጎማ ፊትና ኋላ ያለውን ርቀት መለካት ፈለጉ። ጫፉን የሚይዝላቸው ልጅ ምሳ ሄዷል።

«ና እስቲ ክሩን ያዝልኝ» አሉኝ። «አጥብቀህ፤ አታርግብብኝ።»

ያዝኩላቸው። ጎንበስ ብለው በሜትር ለኩ፤ ከኋላ ለኩ፤ እንደገና ከፊት ለኩ። ልዩነቱ ከሚፈልጉት በሁለት እጥፍ በልጧል። ምንም አላሉም። ቁልፋቸውን አነሡና ቡሎኑን መፍታት ጀመሩ።